በነብር ጭራ ምክንያት የተራዘመ ሠርግ

ታላላቅ ሰዎች ሁሉ አንድ የሚጠብቁት ነገር አላቸው። አንዳንዱ ሹመት ይጠብቃል፣ አንዳንዱ ዝናብ፣ አንዳንዱ አውቶቡስ። ልብስ ሰፊው አጎቴ ግን የሚጠብቀው ፊልም ነው፤ ያውም ገና ተሠርቶ ያላለቀ። በዚህም በሰፈራችን ካሉት ጠባቂዎች ሁሉ፣ የባንኩን ዘበኛ ጨምሮ፣ እንደ እሱ የተጋ እንደሌለ ያለ ማጋነን መመስከር ይቻላል።

በስፌት ቤቱ በቀኝ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ የሚወዳቸው የህንድ ፊልሞች ፎቶ ተለጥፏል፤ በግራው ደግሞ የሚጠብቃቸው። የቀኙ ግድግዳ አቧራ ለብሷል። የግራው በየማለዳው ይወለወላል።

«ያየሁት ፊልም ያው ያየሁት ነው» ይላል አጎቴ። «ያላየሁት ግን እስካሁን አንድም እንከን አልተገኘበትም።»

ለዚህ አባባል ማፍረሻ ያገኘ ሊቅ በሰፈራችን አልተወለደም። ሱሪያቸውን ሊወስዱ የሚመጡ ደንበኞችም በዚሁ ጥበብ ተጽናንተው ይመለሳሉ። ያልተሰፋ ሱሪ መቼም አይጠብም።

አጎቴ በደቡብ ህንድ ቋንቋ፣ በቴሉጉ፣ የሚሠሩ ፊልሞች ሰው ነው። ቋንቋውን አያውቅም፤ ቋንቋ ማወቅ እምነት ለጎደላቸው ነው። የሚያውቀው መርሁን ነው። አንድ ጡጫ ቢያንስ አስር ሰው መጣል አለበት፤ ከወደቁትም መሐል ጥቂቶቹ ጣሪያ ላይ ማረፍ አለባቸው። «ጉልበትን በቁጠባ መጠቀም ማለት ይሄ ነው» ይላል፣ እኛም እናጨበጭባለን።

ሴት ልጁን የወደዳት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሊጠይቅ የመጣ ዕለት፣ አጎቴ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ወንበር ሰጠው።

«እህ ልጄ፣ ሂንዲ ነው ወይስ ቴሉጉ?»

«ምኑ?»

«ምኑ ይላል እንዴ! ፊልሙ ነዋ!»

«እኔ እንኳ ኳስ ነው የማየው፣ ጋሼ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ልጅቷ ግንባሯን ያዘች። አጎቴ ግን ታጋሽ ፈታኝ ነውና ወደ ሁለተኛው ጥያቄ አለፈ።

«አባትህስ?»

«አባባ ሂንዲ ነው የሚወደው። ጥርስ ሲነቅል ራሱ ያንጎራጉራል።»

«ወይ ጉድ!» አለ አጎቴ። «ከአልቃሾች ቤት ነዋ የመጣኸው!»

በመሆኑም ጉዳዩ ከሚመለከታቸው አካላት ጋር ሰፊ ውይይት ተደረገ። የልጁ አባት፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ መጣ። ሐኪሙ የሂንዲ ፊልም አይቶ በደንብ ካላለቀሰ ምግብ አይረጋለትም። በሥራ ሰዓትም የፊልሙን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ይተርካል፤ ታካሚው አፉን ከፍቶ ስለሚተኛ ተቃውሞ ቀርቦበት አያውቅም።

«እናትና ልጅ ጣቢያ ላይ ተጠፋፍተው፣ ዘመን ሙሉ ሲፈላለጉ ኖረው፣ በስተርጅና በአንድ ዘፈን ካልተዋወቁ ምኑን ፊልም ሆነ?» አለ ሐኪሙ።

«ዘመን ሙሉ ምን አስጠበቃቸው? የእኛ ሰውዬ ቢሆን ባቡሩን በአንድ እጁ አቁሞ እዚያው ያገናኛቸዋል!»

«ባቡር በእጅ አይቆምም፣ ወንድሜ።»

«በዝናብ መሐል አብሮ የሚጨፍረው መንጋስ ከየት ነው የሚመጣው፣ ወንድሜ?»

ጋብቻው ሊበጠስ አንዲት ክር ቀረችው። ያን ጊዜ ወንበር ስታቀብል የነበረችው አክስቴ ወደ ግራው ግድግዳ በአገጯ ጠቆመች።

«ይሄን ነብር ያለበትን ሁለታችሁም አይደል እንዴ የምትጠብቁት?»

እውነት ነበር። የነብሩ ፊልም በሂንዲም በቴሉጉም ይወጣል ተብሏል። ሁለቱ አባቶች ተያዩ፤ ተነሡ፤ ተቃቀፉ። በመጨረሻም ሙሉ መግባባት ላይ ተደረሰ። ሠርጉ ይደረጋል፤ ነገር ግን ፊልሙ ከሚወጣበት ቀን ጋር በምንም ዓይነት እንዳይገጥም ጥብቅ አቅጣጫ ተቀመጠ። ሙሽሮቹ አስተያየት እንዲሰጡ ታስቦ ነበር፤ ሰዓት አልበቃም።

ቀን ተቆረጠ። ብዙ ሳይቆይ ፊልሙ በዚያው ቀን እንደሚወጣ ተሰማና ሠርጉ ተራዘመ። ሠርጉ ከተራዘመ ወዲያ ፊልሙም ተራዘመ፤ ለካ የነብሩ ጭራ በኮምፒውተር ተሠርቶ አላለቀም ኖሯል። አዲሱ የፊልም ቀን ሄዶ ሄዶ ያረፈው አዲሱ የሠርግ ቀን ላይ ነው። ሠርጉ እንደገና ተራዘመ። ጭራው ሲያልቅ ደግሞ ጢሙ ቀረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የእኛ እንቁላል በእግሩ ሄደ፣ ዶሮ ሆነ፣ አረጀ፣ የልጅ ልጅ አየ፤ ሠርጉ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። የአዳራሹ ኃላፊ ስልካችንን ማንሳት ተወ። ዘመድ አዝማድ ለዚህ ሠርግ የገዛውን ጫማ በሌላ ሰው ሠርግ ጨረሰው።

«ሰዎች ለምን ተራዘመ ሲሉኝ ምን ልበላቸው?» አለች ልጅቷ።

«የነብሩ ጭራ ነው በያቸው» አለ አጎቴ፣ በኩራት። «እውነት መናገር ምን ነውር አለው?»

በዚህ መሐል ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሩቅ ወዳለ ኃይል ማመንጫ ተዛወረ። ቅዳሜ በከሰዓቱ አውቶቡስ መሄድ አለበት፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ መኖሪያ የሚሰጠው ላገባ ሠራተኛ ብቻ ነው። ልጅቷ ይህን በሰማች ጊዜ አባቷ ፊት መጥታ ቆመች። ያን ቀን ከመጋረጃው ጀርባ አልነበረችም።

«አባዬ፣ ወይ ቅዳሜ ጠዋት ታጋባኛለህ፣ ወይ እሱ ብቻውን ይሄዳል። እሱ ከሄደ ደግሞ ሌላ አላገባም። የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስተክል እዚሁ እሸብታለሁ።»

አጎቴ መቀሱን አነሣ።

«ምን ሲደረግ! ነብሩ ራሱ ቢመጣ እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው!» ብሎ በመቀሱ ማለ። ጥርስ ሐኪሙም በጉጠቱ ማለ። ከዚህ የበለጠ መሐላ በሁለቱም ሙያ አይታወቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ነብሩ ራሱ መጣ።

የመንገዳችን ሲኒማ ቤት ማንንም ሳያማክር ፎቶውን ሰቅሎ «ዛሬ ብቻ» ብሎ ጻፈበት። ወንበር እየተደረደረ፣ አበባ እየታሰረ ነበር። አጎቴ ለዚሁ ቀን የሰፋውን ሱፍ ወንበር ላይ እንደተንጠለጠለ ትቶ፣ «ክር አልቆብኝ ነው፣ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ክር ለሠርግ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጥርስ ሐኪሙም በበኩሉ «ድንገተኛ ጥርስ ገጠመኝ» አለ። ሲኒማው በር ላይ ተገናኙ።

«ክሩስ?»

«ጥርሱስ?»

ከዚያ በኋላ እንደ ጨዋ ሰው ነገሩን ዳግመኛ አላነሱትም።

አክስቴ «ፈልገህ ጎትተህ አምጣቸው» ብላ እኔን ላከችኝ። የት እንደምሄድ መንገር አላስፈለጋትም። ስገባ ነብሩ ሊዘል አድፍጦ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት ደግሞ ሰው አይጠራም። ጭራው፣ ለእውነት ምስክር ከተፈለገ፣ የተጠበቀውን ያህል ነበር። ተቀመጥኩ።

ፊልሙ ስለ አንድ አባት ነው። ነብር ሲያሳድድ የገዛ ልጁ ሠርግ ያመልጠዋል። ልጅቷ በር በሩን እያየች፣ እያየች፣ ያለ አባት ትዳራለች። ጥርስ ሐኪሙ ከመጀመሪያው ዘፈን አንሥቶ ያነባ ነበር። በዘመኑ ፊልም አይቶ አልቅሶ የማያውቀው አጎቴ እንኳ እዚህ ላይ ሲደርስ መሐረብ ተዋሰ።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!» አለ፣ በመሐረቡ እየተናፈጠ። «ለአንድ አውሬ ብሎ!»

«አባት አይባልም ይሄ!» አለ ሐኪሙ። «ልብ የለውም!»

ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሂንዲ ማለት ይሄ ነው» አለ ሐኪሙ። «ቃሉ ራሱ አንጀት ይበላል።»

«የምን ሂንዲ? ጥርት ያለ ቴሉጉ እኮ ነው! አንዲት ቃል አላመለጠችኝም!»

በሩ ላይ፣ ከነብሩ እግር ሥር፣ «በታሚል ቋንቋ» ይላል፤ ሂንዲም ቴሉጉም ያልሆነ ሌላ የህንድ ቋንቋ። አልነገርኳቸውም። ዝምድናው ገና ለጋ ነው።

አጎቴ ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ። «ልጄ!» አለ። «ልጄን ልቀፋት!» ብሎ ሩጫውን ለቀቀው፤ ሐኪሙም ጋውኑን ሰብስቦ ተከተለው። ሲደርሱ ግቢው ባዶ ነው። አክስቴ ወንበር እያነባበረች ነበር።

«የት አሉ?»

«ሄዱ። አውቶቡሱ አይጠብቅማ።»

«ልጄ ያለ አባት ተዳረች?» አለ አጎቴ፣ እንባው እንደገና እየመጣ።

«ኧረ አባትማ ነበራት። ሱፍህን ለጎረቤታችን ለባለ ሥጋ ቤቱ አለበስነው። መረቃት፣ አቀፋት፣ ፎቶ ተነሣ። ትከሻው ላይ ትንሽ ጠበበው እንጂ አማረበት።»

«በእኛስ በኩል?» አለ ጥርስ ሐኪሙ በፍርሃት።

«ክሊኒክህ በር ላይ የሚጠብቅ ሰውዬ ነበር፣ እሱን አመጣነው። ጉንጩ አብጦ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስለነበር፣ ሰው ሁሉ ‹የልጅ ነገር እንዲህ ነው› እያለ አብሮት አለቀሰ።»

አጎቴ ቀስ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እንግዶቹ ምንም አላሉም?»

«ምን ይላሉ? ማንም ልዩነቱን አላወቀም።»

«ልጄስ? ልጄም አላወቀች?»

አክስቴ ወንበሩን ከሥሩ ሳበችው።

«እሷማ ወዲያው ነው ያወቀችው። ‹ይሄኛው በሰዓቱ መጣ› አለችኝ።»