የሻለቃው በቅሎ ምስጋና

ወዳጄ አንባቢ፣ ሟችን ቀብረው ሳይጨርሱ ለፍርድ የሚቀመጡ ሰዎች አጋጥመውዎት ያውቃሉ? እኛ ዘንድ ሞልተዋል። በጦርነቱ ዘምተው ጠላትን ከደባርቅ የመለሱት ሻለቃ ባረፉ ጊዜ ደባርቅ «አዳኛችን» ብላ አለቀሰች፤ ዳባት ደግሞ «የእርሻ በሬያችንን አርዶ ጦሩን ያበላ» እያለች ለቀብር መጣች። መቅረትማ ነውር ነዋ!

የሴት ልጃቸው የስንዱ ጭንቀት አባቷ ያለ ጠብ እንዲቀበሩ ብቻ ነበር። እንደ ወጉ የጦር ልብሳቸው በበቅሏቸው ኮርቻ ላይ ተደርጎ ወጣ። አልቃሿ እትዬ ጥሩዬም «ጀግናው!» ብለው ጀመሩ።

«በሬዬስ?» አሉ የዳባቱ አያ ሞላ።

ከወዲያም ከወዲህም ዱላ ተነሣ። እትዬ ጥሩዬ ቶሎ ብለው ፊታቸውን ወደ በቅሎዋ አዞሩ።

«አንቺ በቅሎ፣ የሊማሊሞን ዳገት ስንቴ ተሸክመሽው ወጣሽ! ጀርባሽ ሲላጥ ማን አየልሽ!»

እንግዲህ በቅሎን ማን ይቃወማል? ዱላው ሁሉ ወረደ፤ ሁለቱም ወገን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። በመንግሥት ሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ስምምነት የታየበት ስብሰባ አላስታውስም።

የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ሲጀምር አያ ሞላ ዱላቸውን ጥለው አስከሬኑ ያለበትን ቃሬዛ አንድ ጫፍ ያዙ።

«ይቅር አሏቸው እንዴ?» አልኋቸው።

«ምን በወጣኝ! በቅሎዋ ግን ስንት ዘመን ተሸክማዋለች፤ ዛሬ እንኳ ትረፍ።»