ጋሼ ሰው-አገር እና ዝምተኛዋ ልጄ

ጋሼ ሰው-አገር የሌለበት ሰፈር፣ ሰፈር አይባልም። የእኛው በመርከብ ወጥ ቤት ሲያበስሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው ወሬ ሲጀምሩ ሁሉ «ሰው አገር እኮ…» ስለሚሉ ነው። በየወደቡ መርከቡ ጭነቱን እስኪያራግፍ፣ ባልደረቦቻቸው ወደ ገበያ ሲሮጡ እርሳቸው የትምህርት ቤት አጥር ላይ ተለጥፈው ይውሉ ነበር አሉ። የሚሉት ራሳቸው ናቸው።

ከየአጥሩ የለቀሙትን ሁሉ በሰፈራችን ልጆች ላይ ሞክረውታል። አንድ ሰሞን «ሰው አገር እኮ ክፍሉን የሚጠርገው ተማሪው ራሱ ነው» ብለው መጥረጊያ አደሉ፤ እናቶች መረቋቸው። ሌላ ሰሞን «ሰው አገር እኮ ሕፃን ምሳውን በልቶ ይተኛል» ብለው ልጆቹን በረንዳቸው ላይ ደረደሯቸው። ቀድመው ያንኮራፉት ግን ክቡርነታቸው ነበሩ።

«አንዱ አገር ልጁ ጸጥ ብሎ ይሰማል ይላሉ፤ ሌላው አገር ይከራከራል ይላሉ። የቱ ነው የሚሻለው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እንደ ሾርባ ነው። መጀመሪያ ቅመስ፤ የጎደለውን ያኔ ታውቃለህ።»

ጭንቁ የመጣው በእኔው ቤት ነው። የልጄ መምህርት አስጠርታኝ «ስትጽፍ ጎበዝ ናት። ስጠይቃት ግን መሬት መሬት ታያለች። በቃል ፈተናው እንዲሁ ዝም ካለች ክፍሉን ትደግማለች» አለችኝ። እኛ መምህሩ ያነበበልንን በአንድ ድምፅ እየደገምን ያደግን ሰዎች ነን። ትልቅ ሰው ፊት አፍ መክፈት ነውር መሆኑን ያስተማርናትም እኛው ነን፣ ያውም በኩራት።

ጋሼ ነገሩን ሰምተው ልጄን ትክ ብለው አዩአት። «መስማቱስ ሞልቷታል፤ የጎደላት ማረም ነው» አሉ።

ከማግስቱ ጀምሮ በረንዳቸው ላይ አስቀምጠዋት መሳሳት ጀመሩ። ወንዝ ከባሕር ተነሥቶ ተራራ ይወጣል አሉ፤ ልጄ ዝም። ጨረቃ ከፀሐይ ትበልጣለች አሉ፤ ከንፈሯን ነከሰች። ሰንበት ብለው «ላም እንቁላል ትጥላለች» ሲሉ ግን አላስቻላትም።

«አትጥልም» አለች በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም፤ ጆሮዬን የመርከብ ሞተር በልቶታል።»

«አትጥልም፣ ጋሼ።»

«በምን አወቅሽ?»

«እርስዎስ ስትጥል አይተዋል?»

የፈተናው ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳው ላይ ተኮልኩሎ ጠበቃት። እየሮጠች መጥታ ማለፏን ነገረችን። ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው ተነሡ።

«ድሮስ ፈተና ምን ያደርጋል? ሰው አገር እኮ ጭራሽ ፈተና የሚባል ነገር የለም።»

«ጋሼ፣» አለች ልጄ፣ «ባለፈው ሳምንት፣ ሰው አገር ፈተና ሲደርስ ከተማው ሁሉ የመኪና ጥሩንባ መንፋት ያቆማል ብለውን አልነበር?»

የእኔ ጣቶች በልማድ ለቁንጥጫ ተነሡ። ጋሼ ግን ቀስ ብለው ተቀመጡና ባርኔጣቸውን አወለቁላት።

«ይቺን ስሕተት እንኳ ሆን ብዬ አልሠራኋትም፤ የራሴ ናት» አሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «አሁን ገና አለፈች።»

በቅርቡ የወላጆች ስብሰባ ላይ ሐሳብ ልሰጥ ብድግ አልኩ። ከአፌ ቀድሞ የወጣው «ሰው አገር እኮ…» ሆኖ አገኘሁት። እኔ ከዚህ ከተማ ወጥቼ አላውቅም።