ገልባጭ «እሷ» አይባልም

የሰው ጾታ የሚታወቀው ሲወለድ ነው የሚል ሰው የመጫወቻ ሱቅ ገብቶ አያውቅም። አዋላጇ የምትናገረው ግምቷን ነው፤ ፍርዱ የሚጸናው ካዛንቺስ፣ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ውስጥ ነው።

የሱቁ ግራ መደርደሪያ ሰማያዊ ነው፤ መኪና፣ አውሮፕላን፣ ታንክ፣ በአጠቃላይ ዓለምን የሚያንቀሳቅሰውና የሚያፈርሰው ሁሉ። የቀኙ ሮዝ ነው፤ አሻንጉሊት፣ መጥበሻ፣ መጥረጊያ፣ ካውያ። የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ ጦር ሲያዘምት፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ ድስት ታጥባለች ማለት ነው። ለዚያውም በእረፍት ሰዓቷ።

የእህቴ ልጅ ሜሮን ከክፍሏ አንደኛ ከወጣች ገልባጭ መኪና ልገዛላት ቃል ገብቼ ነበር። ሜሮን ቂርቆስ ከቤታቸው በር ላይ ቆማ፣ ከሚፈርሰው ሰፈር አፈር የሚያመላልሱ ገልባጮችን ስታይ ያደገች ልጅ ናት፤ በድምፃቸው ትለያቸዋለች። አንደኛ ወጣች። ሄድሁ።

«ለልጅ መጫወቻ ፈልጌ ነበር።»

«የምን ልጅ?» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«የሰባት ዓመት።»

«ዕድሜ አልጠየቅሁህም ወንድሜ። ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት። መኪና ይስጡኝ።»

«ይቺ የወንድ ናት።»

እዚህ ላይ ብዙ ማንበቤ ጎዳኝ። «ጋሽ ሸምሱ፣ ‹ይቺ› አሉ እኮ። መኪናዋ በራስዎ አንደበት ሴት ናት። አሻንጉሊቱስ?»

«እሱማ የሴት ነው።»

«‹እሱ› አሉ፤ ስለዚህ ወንድ ነው። እንግዲህ ሴቷን ለወንድ፣ ወንዱን ለሴት እየሸጡ ነው። ይህ በየትኛው ሕግ ነው?»

የረታሁ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ሸምሱ መነጽራቸውን አውልቀው በሐዘኔታ አዩኝ።

«ሴቷን ለወንድ፣ ወንዱን ለሴት… አንተ አላገባህም መሰለኝ።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩ ሁለት እናቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ የማስታውሰው፣ በሮዝ ወረቀት የተጠቀለለ አሻንጉሊት ይዤ አስፋልቱን ስሻገር ነው።

ሜሮን ወረቀቱን ፈታች። አየች። ቀስ ብላ መልሳ ጠቀለለችው።

«አጎቴ፣ አንደኛ አልወጣሁም እንዴ?»

ይህን ጥያቄ እርስዎ ቢጠየቁ ምን ይመልሱ ነበር? እኔ ጎንበስ ብዬ የታሰረ የጫማ ማሰሪያዬን ፈትቼ እንደገና አሰርሁ።

በማግስቱ አሻንጉሊቱን ይዘን ሁለታችንም ሄድን። ሜሮን ወደ ግራው መደርደሪያ ጠቆመች።

«ያን ገልባጭ ይስጡኝ።»

«የኔ እናት፣ እሷ የወንድ ናት» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«ገልባጭ ‹እሷ› አይባልም። መኪና ነው ‹እሷ› የሚባለው። ገልባጭ ትልቅ ነው፤ እሱ ነው።»

ጋሽ ሸምሱ ቀና ብለው ገልባጩን አዩት። እኔ በልቤ ሒሳቡን ሠራሁ። ገልባጭ «እሱ» ከሆነ ወንድ ነው፤ ወንድ ከሆነ ደግሞ በትናንቱ የጋሽ ሸምሱ ፍርድ የሚሸጠው ለሴት ነው። እኔ ያን ሁሉ ሰዋስው ተሸክሜ ገብቼ «መኪና ይስጡኝ» በማለቴ ብቻ ተሸንፌ ኖሯል።

ጋሽ ሸምሱ ነጋዴ ቢሆኑም ቃላቸውን አያጥፉም፤ ገልባጩን አወረዱ። አሻንጉሊቱን ግን አልቀበልም አሉ። «የተሸጠ አይመለስም። አንተው ተጫወትበት እንዳልልህ ደግሞ ወንድ ነው።»

ሜሮን አሻንጉሊቱን ገልባጩ ላይ ጫነችው። ደጅ እንደወጣን እግረኛ መንገዱ ላይ ተንበረከከች።

«አጎቴ፣ አንተ ረዳት ነህ። ወደ ኋላ ልመጣ ነው፤ እያየህ ንገረኝ።»

ክራባቴን አስተካክዬ ቆምሁ። በዚህ ከተማ ረዳት ሁሉ እንደሚለው፣ እጄን እያወዛወዝሁ፣ «ና… ና… ና…» አልሁ።

ገልባጩ ቆመ። ሜሮን ዞር ብላ አየችኝ።

«ማንን ነው ‹ና› የምትለው?»

ለገልባጭ ሹፌር ሌላ ቃል ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጋሽ ሸምሱ በራቸው ላይ ቆመው ያዩናል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ነይ… ነይ… ቀኝ ስበሪ… ነይ… በቃ።»