ቅጠል የሚጠሉት ጋሽ ተሾመ

አገርን ከቅጠል የሚጠብቅ ጎረቤት አላችሁ? እኔ አለኝ። ጋሽ ተሾመ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ጉንጫቸውን በጫት ወጥረው በረንዳቸው ላይ ይቀመጡና፣ "ይሄ ካናቢስ የሚሉት ቅጠል ትውልዱን ጨረሰው። ሕግ የለም እንዴ?" ይላሉ። አፋቸው ስለሞላ ግማሹ አይሰማም፤ እኛ ግን ለምደነዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ሕጉን ራሳቸው ጠሩት። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣው የሥዕል መምህር ዮናስ ፀጉሩ ድሬድ ነው። ከዲክሲስ ገበያ ለሻይ የሚሆን ደረቅ ጦስኝ በፌስታል ይዞ ሲገባ አዩት። ድሬድና ቅጠል አንድ ላይ ከታዩ ምን ምርመራ ያስፈልጋል? ደወሉ፣ ፖሊስ መጣ፣ ዮናስ ታሰረ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ጭላሎ ተራራ ሥር አድጎ ጦስኝ የማያውቅ አፍንጫ አለ? ፌስታሉን ከፍቶ የሚያሸት ሰው እስከ ሰኞ ጠፋ። ፀጉሩን የሚላጭ ግን በዚያው ቀን ተገኘ።

እውነተኛውን ቅጠል ከመናኸሪያው ጀርባ የሚሸጠውን ሰውዬማ ሁላችንም እናውቀዋለን። ፀጉሩን በየሳምንቱ ይስተካከላል፣ ሱፍ ይለብሳል። ጋሽ ተሾመም ከወንበራቸው ተነስተው ነው ሰላም የሚሉት።

ዮናስ "ጦስኝ ነው" ተብሎ ሲለቀቅ ንዴቴን ይዤ ሄድኩ።

"ጋሽ ተሾመ፣ እርስዎም ቤት እኮ ጦስኝ ይጠጣል" አልኳቸው።

ጫታቸውን ወደ ሌላኛው ጉንጫቸው አዛወሩና፣ የተላጨ ራሱን በኮፍያ ሸፍኖ የሚያልፈውን ዮናስን በአገጫቸው አሳዩኝ።

"አየህ ልጄ" አሉኝ፣ "ቅጠሉን እርግፍ አድርጎ ተወው።"