የተዘቀዘቀ ነጠላ

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እኔ ግን ዝምታ ሲነቅዝ በዓይኔ ስላየሁ፣ ተረቱን ያወጣውን ሰው ባገኘው የምነግረው አለኝ። በእኛ አገር የሚያውቅ ሰው የተማረ ሰው ፊት ዝም ይላል፤ የተማረውም ለምን ዝም እንዳለ ሳይጠይቅ ያልፋል። እናንተም እንዲህ ያለ ዝምታ ዝም ብላችሁ ታውቃላችሁ፤ አትካዱ። እኔማ በዚህ መሀል ደሞዝ የምበላ ሰው ነኝ፤ አንኮበር ላይ አንድ ማኅበር ያቋቋማትን፣ ትርፍ የማትፈልግ (ብትፈልግም የማታገኝ) ትንሽ ሙዚየም አስተዳድራለሁ።

ዓምና ቤዛ የምትባል የማርኬቲንግ ተማሪ ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ ተላከችልን። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ፈጣን፣ ሥራ የማትንቅ ልጅ ናት። በመጣች በሳምንቷ ሙዚየምን የሚሸጠው ዕቃው ሳይሆን የሰው ፊት ነው አለችኝ። ሽያጭ ስትል ትንሽ ደነገጥኩ። ፊት ስትፈልግም እትዬ አስካለን አገኘች፤ አስጎብኛችን ናቸው፣ እንግዳ ሲመጣ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ የሚቀበሉ።

ከአሮጌው ጋሻ ሥር አቆመቻቸው። የነጠላቸው ጥለት ከታች ቀርቶ ካሜራው ውስጥ አልገባ ሲላት፣ ነጠላውን ገልብጣ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ፊታቸው አመጣችው። ቀለሙ ፊታቸውን እንዲያደምቀው ነው። ደግሞ አይሳቁ፣ ራቅ አድርገው ይመልከቱ አለቻቸው። አሁን አገሬው ከሆናችሁ ደንግጣችኋል። ካልሆናችሁ ልንገራችሁ፦ በእኛ ዘንድ ሴት ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ የምትለብሰው ሰው ሲሞትባት ነው። እትዬ አስካለ ይህን ከልጅነታቸው ያውቃሉ፤ ግን የተማረች ልጅ ያለችው ነው ብለው ዝም አሉ። እኔስ? ፎቶውን ከመለጠፉ በፊት አይቼ አጽድቄዋለሁ። ዓይኔ ያረፈው ከሥሩ በትልቁ የተጻፈው ስሜ ላይ ነበር። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚባለው ለልጅቱ ብቻ አይደለም።

ዓርብ ከሰዓት ተለጠፈ፤ ከስልክ ስልክ ሲዞር ዋለ። ቅዳሜ ማለዳ ጎረቤትና ዘመድ ጋቢውን ተከናንቦ እትዬ አስካለ ደጅ ደረሰ። አስቡት። ማለዳ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው መርዶ ይዞ እንደሚመጣ እሳቸው ያውቃሉ። የመጡት ደግሞ ሐዘናቸውን በፎቶው አይተው ሊያጽናኑ ነው። እነሱ ማን እንደሞተ እንዲነግሯቸው ይጠብቃሉ፤ እሳቸው ማን እንደሞተባቸው እንዲነግሯቸው ይጠብቃሉ። በሩን የከፈቱት ባላቸው ጋሽ በላይ ነበሩ። ለቀስተኛው ባልየው በሕይወት መኖራቸውን ሲያይ፣ እንግዲያ ወንድ ልጃቸው ነው ብሎ «ወይኔ ጌታነህ» እያለ ደረቱን መታ። ጌታነህ በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል። ስምንት ወር አልደወለም፤ ዓረብ አገር ያለችው እህቱም እንዲሁ። እናትየው ከመደብ ተነሥተው ሳይቆሙ ወደቁ።

እኔና ቤዛ ወሬውን ሰምተን ስንደርስ ድንኳን እየተተከለ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ጥለታቸውን ወደ ፊታቸው አዙረዋል። ልጅቱ አንዴ እነሱን፣ አንዴ ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ አየችና ፊቷ አመድ መሰለ።

ድንኳኑ መሀል ቆሜ ተናገርኩ። የሞተ የለም፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ የፎቶ ነገር ነው አልኩ። ማን ይመነኝ? በእኛ ልማድ መርዶ ነጋሪ የሚጀምረው በውሸት ነው፤ «ትንሽ አሞታል» ይላል፣ «ሐኪም ቤት ገብቷል» ይላል፣ እውነቱን መጨረሻ ላይ ያወጣዋል። አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው፣ «ደግ አደረግህ ልጄ፤ እንዲህ ቀስ እያልክ ንገራቸው» አሉኝ።

የቀረን ጌታነህን ማግኘት ብቻ ነበር። ቤዛ ደወለች፤ ዝግ ነው። እኔ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ሰው አፈላልገን ደብረ ሲና ያሉ ሾፌሮች ዘንድ ደወልን። ትናንት አብሯቸው እራት በልቷል፤ ዛሬ መኪናው ቆሟል፣ እሱ ግን የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ስል ያረፈድኩት ሰውዬ፣ ላሟ ውላ ቢሆንስ ማለት ጀመርኩ። እትዬ አስካለ አያለቅሱም። ቁጭ ብለው አፍ አፋችንን ያያሉ፤ እኔም እሳቸውን ላለማየት የማላውቀውን ቁጥር ሁሉ እደውላለሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከደብረ ብርሃን የመጣ ሚኒባስ ቆመ። አንድ ረጅም ሰው ወርዶ «ወይ አባቴን፣ ወይ አባቴን» እያለ ወደ ድንኳኑ ሮጠ። በሩ ላይ የተቀበሉት አባትየው ነበሩ።

ጌታነህ ነው። የእናቱን ፎቶ በሰው ስልክ አይቶ፣ የሞቱት አባቴ ናቸው ብሎ፣ መኪናውን አቁሞ በሌሊት ተነሣ። ስልኩን ያጠፋው መርዶውን በስልክ ላለመስማት ነው። ስምንት ወር የት ነበርክ ያለው ሰው አልነበረም። እናቱ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከስተሃል ብቻ አሉት።

ቤዛ ስልኳን እንደያዘች እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀች፤ ፎቶውን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ አለች። እኔም አጥፊው አልኩ። እትዬ አስካለ የልጃቸውን እጅ ሳይለቁ ቀና አሉ።

«ተዪው ልጄ፣ ጥቂት ቀን ይቆይ» አሏት። «ጅዳ ያለችው እህቱ ገና አላየችው ይሆናል።»