የጋሽ ተክሌ ኤከር

ለአንድ ቃል ፍቺ ብሎ በሬ የሚጠምድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ሸዋ ሮቢት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ጋሽ ተክሌ ናቸው። አንድ ቀን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ «ኤከር ማለት ጥንት ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነበር» አሉን።

«የእንግሊዝ በሬ የእኛን የቀወትን ፀሐይ መቼ አየና!» ብሎ ሳቀ ገበሬው ደበበ።

እኔና እናንተ ብንሆን ተከራክረን ተከራክረን ወደየቤታችን እንገባ ነበር። እሳቸው ግን በማግስቱ ማለዳ የደበበ ማሳ ላይ ወርደው፣ በሬዎቹን ጠምደው እርፉን ጨበጡ! ፀሐይዋ ከረር ስትል በሬዎቹ አንሄድም አሉ፤ ጋሼም ግራሩ ጥላ ሥር ተዘረሩ።

«ጋሼ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አልኳቸው ደንግጬ።

«መጀመሪያ ድንጋይ አምጣና እዚያ ትልሙ ጫፍ ላይ ትከልልኝ» አሉ እያለከለኩ። «የቀወት ኤከር እዚህ ላይ አለቀ!»