የወይዘሮ አልጣሽ ይግባኝ

ይግባኝ ባይ የሌለበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። ለአሰላ የደረሷት ወይዘሮ አልጣሽ ነበሩ። ክብርት ወይዘሮ ጎረቤታቸውን «አውራ ዶሮው ያለ ሰዓቱ ጮኸ» ብለው ከሰዋል፤ ሲረቱም «ይግባኝ!» ብለዋል። የንስሐ አባታቸው አርባ ስግደት ቢያዙባቸው ሌላ ቄስ ዘንድ ይግባኝ ብለው ሃያ አስደርገዋል።

የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ሀብተ ማርያም እኚህን ሴትዮ ከሩቅ ካየ በጓሮ በር ውልቅ ነበር። በ፲፱፻፷፫ ጥቅምት ግን አላመለጠም፤ የፈረንጁ ሐኪም አስተርጓሚ እሱ ነበርና።

አልጣሽ የቅቤ ደንበኛቸውን ዙቤዳን ከሳጉሬ ይዘው መጥተዋል። ዙቤዳ የስምንት ወር እርጉዝ ናት። የበኩር ልጇን የተገላገለችው በኦፕራሲዮን ነው፤ ያኔ ሦስት ወር ሙሉ እንስራ ማንሳት ስላቃታት፣ ይህንን አምጬ ልውለድ ትላለች። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ።

«አንዴ የተቀደደች ሁለተኛም በቢላ ነው።»

«የባላባቱ ሚስትስ? እሷንስ ቀደው አልነበር ያዋለዷት? ባለፈው ወር አምጣ ስትወልድ እልል አላልንም?» አሉ አልጣሽ።

«እሷ ቤቷ እዚሁ ነው፤ መኪናም አላት። ጠባሳው ልተርተር ቢል ቶሎ ትደርሳለች። ይህችን ከሳጉሬ ማን ያደርሳታል?»

«እኔ የማውቀው ሐኪም የሚመረምረው ሆድ ነው። ይኼኛው መኪና ነው የሚመረምረው?»

አልጣሽ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ችሎት ፊት እንደቆመ ሰው ሩብ ሰዓት ተሟገቱ። ፍትሐ ነገሥት ጠቀሱ፤ ጃንሆይን ጠሩ፤ ሟች ባላቸውን ምስክር ቆጠሩ።

«ምን አሉ?» አለ ሐኪሙ።

ሀብተ ማርያም ላቡን ጠርጎ፣ «አልተስማሙም» አለ።

«ይተዉት እትዬ አልጣሽ፤ ረቢ ያውቃል» አለች ዙቤዳ።

«ረቢማ ያውቃል! ያላወቀው ይኼ ነው። ሩቅ ናት ካለ ቅርብ ትሆናለች። ቤቴ ከአጥሩ ማዶ ነው፤ እስክትወልድ እኔ ጋ ትተኛለች።»

ይህ ሲተረጎምለት ሐኪሙ ጠባሳዋን ደግሞ አየ። «እሺ፣ አጠገቧ ሆኜ እጠብቃለሁ። የሚያሰጋ ነገር ካየሁ ግን እቀድዳታለሁ፤ ያን ጊዜ ይግባኝ የለም።»

ሀብተ ማርያም የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት በታላቅ ደስታ ተረጎመ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ምጥ መጣ። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ቢላው እንዲቀቀል አዘዘ፤ ሁለት ጊዜም «ትንሽ እንታገሥ» አለ። አልጣሽ በር ላይ ቆመው ማርያምን ይለምናሉ፤ ስትዘገይባቸው ይሟገቷታል። ከቀትር በኋላ ዙቤዳ አምጣ የወለደቻት ሴት ልጅ አለቀሰች። አልጣሽ መሬት ላይ ዘጭ አሉ። አንዲት ቃል ሳይወጣቸው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሀብተ ማርያም ደንግጦ ውኃ አመጣላቸው።

ወሬውን ቅቤ ነጋዴዎች እስከ ሲሬ፣ እስከ ጎበሳ አደረሱት። ጥር ሲገባ ሦስት ነፍሰ ጡሮች አልጣሽ ቤት ገቡ፤ ሦስቱም ቢላ የቀመሱ። መኝታ ጠፋ።

በማግስቱ ሀብተ ማርያም የገዛ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ አልጣሽ በር ሲሄድ ሰዎች አዩት።

«ወዴት ነው?» ቢሉት፣

«እኚህ ሴትዮ መቼም ሰው አያስተኙ!» እያለ፣ እየተነጫነጨ ገባ።